የዶጋሊ ሸራና የዓድዋ ሥዕል፦ ሁለት አተራረኮች

ሥዕል ይተርካል ስንል በዘይቤ የተናገርን ይመስለናል። ይሁን እንጂ የታሪክ ሥዕል እንደ ልብ ወለድ ሁሉ ተራኪ፣ መቼትና ገጸ ባሕርያት አሉት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን አሳብ ሚኬሌ ካማራኖ በሣለው «የዶጋሊ ጦርነት» አማካይነት ለማሳየት እሞክራለሁ።

በጥር 1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር በሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ይመራ የነበረውን አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ወታደር ዶጋሊ ላይ ደመሰሰ። ወሬው ሮም ሲደርስ ግን ሽንፈቱ የጀግንነት ታሪክ ሆነ፤ ለሟቾቹ ሐውልት ቆመ፤ በዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ» ተባለ። መንግሥትም የናፖሊውን ተወላጅ ካማራኖን (1835–1920 እ.ኤ.አ.) ጦርነቱን እንዲሥል አዘዘው። ሠዓሊው ምጽዋ ወርዶ አገሩንና ሰውን እያጠና ለዓመታት ሠራ። ግዙፉ ሸራ ያለቀው በ1896 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ኢጣልያ ዓድዋ ላይ በተሸነፈችበት ዓመት ነው።

በአውሮፓ አካዳሚዎች ሥርዓት ከሥዕል ዘርፎች ሁሉ የላቀ ክብር የሚሰጠው ለታሪክ ሥዕል ነበር። ካማራኖ ራሱ ወደ እውነታዊነት ያዘነበለ ሠዓሊ ቢሆንም ሸራው በመጠኑም ሆነ በዓላማው የዚሁ ልማድ ውጤት ነው። ኢምፕረሽኒስቶች ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ትርኢታቸውን ካቀረቡ (1874 እ.ኤ.አ.) ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ስለነበር፣ ዘርፉ በማምሻው ዘመን የወለደው ሥራ ልንለው እንችላለን።

አሁን ወደ እኛው የዓድዋ ሥዕል እንምጣ። እኔ በምኖርበት በቤቴል እንኳ ቅጂው በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ቢታይ ማንንም አያስገርምም። በተለመደው አሣሣል ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ አለ፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በአንድ ሸራ ላይ ይታያሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ በጎኑ አንድ ዓይን ብቻ ይዞ ይሣላል፤ ይህ ልማድ በብዙዎቹ የዓድዋ ሥዕሎች ላይ ለወገንና ለጠላት መለያ ሆኗል።

አንዳንዶች ይህን አሣሣል ርቀትን ባለማሳየቱ «ያልበሰለ» ሲሉት እንሰማለን። በእኔ አስተያየት ፍርዱ የተሳሳተ ነው። ካማራኖ አንዲት ቅጽበት መርጦ ተመልካቹን በአንድ ስፍራ ያቆመዋል፤ የእኛ ሠዓሊ ግን እንደ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የቀኑን ውሎ በሙሉ፣ ሰማዩን ጭምር፣ በአንድ ገጽ ይሰበስባል። ሁለቱም ወገንተኞች ናቸው። ልዩነቱ የእኛው ወገኑን በግልጽ መናገሩ፣ የካማራኖው ደግሞ ወገንተኝነቱን «ያየሁትን ነው የሣልሁት» በሚል መልክ መሸፈኑ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ያለ ይመስለኛል። እውነት የመሰለ ትረካ ሁሉ ገለልተኛ አይደለም። ስለዚህ የጦርነት ልብ ወለድም ሆነ ዜና መዋዕል ስናነብ፣ ተራኪው የት እንደቆመና ሙሉ ፊት የተሰጠው ለማን እንደሆነ አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባል።