የኤሌክትሪክና የቤንዚን መኪና ክርክር፤ ሒሳቡና ፖለቲካው

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፥ በኤሌክትሪክ ከሚነዱት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን ባስታወቁ ጊዜ ነገሩ በኮሌጃችን ግቢ ሳይቀር ብዙ ክርክር አስነሣ። በዚህ ውሳኔ ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማለች። አንደኛው ወገን፥ ዓባይን የገደበ ሕዝብ ቤንዚን ፍለጋ የሰው ደጅ ሊጠና አይገባውም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ በኩራዝ ለሚያመሽ ገበሬ የኤሌክትሪክ መኪና ምን ይጠቅመዋል ሲል ይመልሳል።

ሁለቱንም ወገኖች በጥሞና ስናዳምጥ አንድ ነገር ተረዳን። ተከራካሪዎቹ ስለ አንድ ጉዳይ የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል እንጂ በመካከላቸው ያሉት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፥ የመኪናችን ጉልበት ከየት ይምጣ? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ የለውጡን ዋጋ ማን ይክፈል? የሚል ነው። የዚህ ታናሽ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ ማሳየትና ለየብቻቸው መመርመር ነው።

1ኛ/ ስለ ሁለቱ ሞተሮች

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ መኪኖቹ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በሲሊንደር ውስጥ እያቃጠለ በሚፈጠረው ግፊት ፒስተኖቹን ያንቀሳቅሳል። በነዳጁ ውስጥ ካለው ጉልበት ግን ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር በአንጻሩ ከባትሪው ከተቀበለው ጉልበት ከ80 በመቶ የሚበልጠውን ለጎማው ያደርሳል። ስለዚህ አንድ መካከለኛ አውቶሞቢል 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 7 ሊትር ያህል ቤንዚን ሲፈልግ፥ በመጠን የሚመስለው የኤሌክትሪክ መኪና 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። በ7 ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ጉልበት በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲተመን ወደ 63 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ ቤንዚንም የራሱ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ይኸውም በትንሽ ክብደት ብዙ ጉልበት መያዙ ነው። 50 ሊትር ቤንዚን 37 ኪሎ ያህል ብቻ ሲመዝን፥ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ወደ 400 ኪሎ ይመዝናል። ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ይቀዳል፤ ባትሪ ግን በቤት መስመር የሚሞላ ሲሆን ሌሊቱን ተሰክቶ ማደር አለበት።

ስለ ጭሱም ሲነገር ጥንቃቄ ያሻል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም ቢባልም፥ ኤሌክትሪኩ በድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር ጭሱ ከመኪናው ወደ ማመንጫው ተዛወረ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። በኢትዮጵያ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኤሌክትሪክ ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ ይህ ነቀፌታ እኛን እምብዛም አይነካንም።

2ኛ/ ክርክሩ የቆየ ስለ መሆኑ

የኤሌክትሪክ መኪና የዛሬ ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በ1900 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከተሠሩት 4192 መኪኖች ውስጥ 1681ዱ በእንፋሎት፥ 1575ቱ በኤሌክትሪክ፥ 936ቱ ብቻ በቤንዚን የሚሄዱ ነበሩ። የቤንዚን መኪና በሰፊው የታወቀውን ሄንሪ ፎርድን ያገባችው ክላራ ፎርድ እንኳ ትነዳ የነበረው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። እንግዲያስ ቤንዚን እንዴት አሸነፈ? ፎርድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቲ የተባለውን ርካሽ መኪና አወጣ። በ1912 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካዲላክ በቻርልስ ኬተሪንግ የተፈለሰፈውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪኖቹ ላይ ስለ ገጠመ ሞተሩን በማኑቬላ እያዞሩ ማስነሣት ቀረ። በዚያ ላይ ነዳጅ በአሜሪካ ምድር በብዛት ይወጣ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር ገና አልደረሰም ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት፥ አንድ መኪና የሚያሸንፈው በራሱ ብልጫ ብቻ አለመሆኑን ነው። በዙሪያው ያለው ነገር፥ ማለትም ማደያው፥ ሽቦው፥ ጋራዡና መንገዱ ይወስንለታል። ይህን ትምህርት ወደ ኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን።

3ኛ/ ክርክሩ በሌሎች አገሮች

ክርክሩ በያገሩ ልዩ ልዩ መልክ አለው። ኖርዌይ እንደኛ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውሃ የምታገኝ አገር ናት። የቤንዚንን መኪና በሕግ ሳትከለክል፥ በተለይ ለኤሌክትሪኩ ግብር በመቀነስ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዳዲስ አውቶሞቢሎች ከመቶው 89 ያህሉ ኤሌክትሪክ ሆኑ። ይሁን እንጂ ኖርዌይ ነዳጅ አውጥታ ለዓለም የምትሸጥ ሀብታም አገር ስለ ሆነች ግብሩን ለመተው አቅም ነበራት።

በአሜሪካ ጥያቄው የሥልጣን ጥያቄ ሆነ። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከ2035 ጀምሮ በቤንዚን ብቻ የሚሄድ አዲስ መኪና በግዛቱ እንዳይሸጥ ወሰነ። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀውንና ደንቡን የሚሽረውን ውሳኔ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈረሙበት። ፌዴራሉ መንግሥት ለገዢዎች ይሰጥ የነበረው እስከ 7500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽም በዚያው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ተቋረጠ። በአውሮፓ ኅብረትም ከ2035 ጀምሮ ጭስ የሚያወጣ አዲስ መኪና እንዳይሸጥ በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ፤ መኪና በመሥራት የምትታወቀው ጀርመን ግን ሕጉ ሊጸድቅ ሲል ተቃውሞ አነሣች፤ በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. የኅብረቱ ኮሚሽን ሕጉ እንዲላላ አሳብ አቀረበ። በእነዚህ አገሮች የሚፈራው የፋብሪካ ሠራተኛው እንጀራ እንዳይዘጋና የቻይና መኪና ገበያውን እንዳይወርስ ነው። ስለዚህም አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጣለች።

እንግዲህ ከእነዚህ አገሮች የክርክር ቃል ብንዋስ ጥያቄአቸውንም አብረን እንዋሳለን። እኛ የምንከላከልለት የቤንዚን ሞተር ፋብሪካ የለንም፤ የምንሸጠው ነዳጅም እስከ ዛሬ የለንም።

4ኛ/ ጉልበቱ ከየት ይምጣ?

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ መሆኑን እናገኛለን። በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ። ከዚያ ወዲህ የተጣራ ነዳጅ በዶላር እየተገዛ፥ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል በቦቴ እየተጫነ ይገባል። የዚህ ዋጋ በያመቱ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል።

የነዳጅ ዋጋ በኢትዮጵያ የፖለቲካ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ የቤንዚን ዋጋ በተጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ተገደደ። በዚያ ዓመት ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታት የነዳጅን ዋጋ ሲነኩ በእሳት ዳር እንደሚሄድ ሰው ሲጠነቀቁ ኖረዋል። ብዙ ዘመን የቆየው የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ መነሣት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

የ2016ቱ ክልከላ ታዲያ በድንገት የወረደ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጥሎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደረጉ፤ የጉምሩክ ቀረጣቸውም ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፥ በከፊል ለሚገጣጠመው 5 በመቶ፥ ሙሉ በሙሉ እዚሁ ለሚገጣጠመው ዜሮ ሆነ።

ጉልበቱ ይበቃል ወይ ለሚለው እኛ ቀላል ሒሳብ ሠርተናል። 100 ሺህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እያንዳንዳቸው በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፥ ለአንዱ 2700፥ ለሁሉም 270 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት ወደ 15 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። መኪኖቹ የሚወስዱት ከዚህ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የሚድነው ቤንዚን ግን 105 ሚሊዮን ሊትር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የክልከላው ደጋፊዎች በደንብ ረትተዋል ብንል አላጋነንም።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። ወደ አገራችን ከሚገባው ነዳጅ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቤንዚን ሳይሆን ናፍጣ ነው፤ እሱንም የሚጠጡት የጭነት መኪኖች፥ አውቶቡሶች፥ ትራክተሮችና ጄነሬተሮች ናቸው። የግል አውቶሞቢል ብቻ ቢለወጥ የነዳጁ ሒሳብ የሚቀንሰው ከፊሉ ብቻ ነው።

5ኛ/ ዋጋውን ማን ይክፈል?

ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን በቂ መልስ አላገኘም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፥ ግድቡ ቢቆምም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። ባለበትም ቢሆን ሽቦው አቅም ያንሰዋል። በአንድ ሰፈር 30 መኪኖች በአንድ ሰዓት ላይ እያንዳንዳቸው 7 ኪሎዋት እየሳቡ ቢሰኩ 210 ኪሎዋት ይሆናል፤ ይህም የአንድን የሰፈር ትራንስፎርመር ሙሉ አቅም ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ መኪና የሌለው ጎረቤት እንጀራ ሊጋግር ምጣዱን ቢሰካ ኃይል ያጣል። ከአሜሪካ ታሪክ ያገኘነውን ትምህርት እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ የሚወስነው ግድቡ ብቻ ሳይሆን ሽቦውም ነው።

የመኪናው ዋጋም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ማናቸውም መኪና በብር ሲተመን ተወደደ። አሮጌ ቶዮታ ገዝቶ በታክሲነት ልጆቹን ሲያሳድግ የኖረ ሰው፥ ያ መኪና ሲያረጅበት የሚተካበትን መንገድ ማየት አለበት።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ በመርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋር ተነጋግረን ነበር። እሳቸው የሞተርን ሕመም ከድምፁ እንደሚለዩ፥ ሙያውንም በልጅነታቸው መፍቻ በማቀበል እንደ ተማሩ አጫወቱን። የኤሌክትሪኩ መኪና ግን ድምፅ የለውም፤ ሕመሙ የሚታወቀው በኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም፥ ቋንቋውም፥ መለዋወጫውም በእጃቸው የለም። በልጅነታቸው ያልተማሩትን አሁን ማን እንደሚያስተምራቸው ጠየቁን። እኛም መልስ አልነበረንም።

መንገዱም አይዘነጋ። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ለመንገድ ጥገና ከሚውለው ገንዘብ ብዙው ነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ሲገኝ ቆይቷል። ቤንዚን የማይቀዳ መኪና በመንገዱ ይሄዳል እንጂ ይህን በነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ክፍያ አይከፍልም።

6ኛ/ አስተያየታችን

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ክልከላው የመጀመሪያውን ጥያቄ በትክክል መልሷል፤ ነዳጅ የሌላት፥ ውሃ ግን ያላት አገር መኪናዋን በውሃዋ ጉልበት ብትነዳ ከማስተዋል የሚቆጠር ነው። ክልከላው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን አይደለም። የሁለተኛው መልስ ሽቦና ትራንስፎርመር መዘርጋት፥ ከግል አውቶሞቢል ይልቅ ብዙ ሰው የሚጭነውን አውቶቡስ ማስቀደም፥ ለጋራዥ ሠራተኞች በየሙያ ትምህርት ቤቱ የማታ ትምህርት መክፈት፥ አስመጪዎች መለዋወጫና የመመርመሪያ መሣሪያ አብረው እንዲያስገቡ ማስገደድ፥ ለመንገዱም አዲስ የክፍያ መንገድ ማበጀት ነው። እነዚህ ከግድብ ጋር ሲወዳደሩ ታናናሽ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጋን በጠጠር ይደገፋል።

ከኮሌጃችን የሚወጡ መሐንዲሶችና የኢኮኖሚ ተማሪዎች ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ተሰልፈው ከመጮህ ይልቅ በእነዚህ ጠጠሮች ላይ ምርምር ቢያደርጉ ለአገር ይበልጥ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን። የሶማሌ ተራው አዛውንት የጠየቁንን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ከመካከላችን ቢገኝ፥ ያን ጊዜ ክርክሩ ፍሬ አፈራ እንላለን።