ሶዶ ውስጥ ወለል አጣቢ ሮቦት ከመግዛታችሁ በፊት

የሶዶን ስም ያወጣለት ኪንግዶም ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ2000 ቢፈርስም ሰፋፊዎቹ መጋዘኖች አሁንም አሉ። ወለላቸው ለአጣቢ ሮቦት ይመቻል። ቴናንት በ2018 ያስተዋወቀው ቲ7 ኤኤምአር የብሬን ኮርፕን ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ ሠራተኛው መንገዱን አንዴ እየነዳ ያሳየዋል፣ ከዚያ ራሱ ይደግመዋል። ስለዚህ ሻጩን ከፍጥነቱ በፊት የምትጠይቁት፣ ትናንት ባዶ በነበረ መተላለፊያ ላይ ዛሬ ፓሌት ቢቆም ምን እንደሚያደርግ ነው። ሙከራውም በራሳችሁ መጋዘን፣ ሥራ በሚበዛበት ሌሊት ይሁን።

ቆሻሻውን ውሃ የሚደፋ፣ ብሩሹን የሚያጸዳ፣ ጥጋጥጉንና ሽንት ቤቱን የሚያጥብ ሰው ግን አይቀርም። በጽዳት ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖች ብዙ ናቸውና፣ «የሰው ሰዓት ይቀንሳል» የሚል ስሌት ሲቀርብላችሁ የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ማሽኑ ሲመረጥም የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ይኑሩበት፤ የትኛው መተላለፊያ እንደሚጠብ፣ ውሃው የት እንደሚደፋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።