ሞተሌና ዚሰሌ፦ በወላጆቻቸው ቋንቋ የዘፈኑ መንትዮች



በኡልፓን ዕብራይስጥ መማር ከጀመራችሁ ወዲህ በመንገድ ላይ ከሚለጠፉት የቴአትር ማስታወቂያዎች መካከል «ማኻዜመር» የሚል ቃል ሳታዩ አልቀራችሁም። ቃሉ ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። «ማኻዜ» ቴአትር ማለት ሲሆን «ዜመር» ደግሞ ዜማ ማለት ነው። ይህ ሥር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መዝሙር፣ መዘምር፣ አዝማሪ የምንላቸው ቃላት ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ማኻዜመር ተዋንያኑ በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በጭፈራም ጭምር አንድን ታሪክ የሚያሳዩበት ቴአትር ነው።

ዛሬ የምናጫውታችሁ በዚህ ሙያ ውስጥ ስላደጉ መንትያ ወንድምና እህት ነው። የመድረክ ስማቸው ሞተሌና ዚሰሌ ነበር። ቤተሰቡ ቡርሽታይን ይባላል፤ ከአሽከናዚ ወገን ነው። ከጎንደር ወይም ከትግራይ ለመጣ ሰው በጣም የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት በዕብራይስጥ እያወሩ ሲገቡና እናንተ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ስትመልሱላቸው በቤታችሁ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ይህም ቤተሰብ በራሱ መንገድ አይቶታል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፍላችሁ እዚህ አገር በሚሠራበት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋው። ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ የቤትና የገበያ ቋንቋ ነበር። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው፤ አብዛኛው ቃሉ ግን ለጀርመንኛ የቀረበ ነው። ጸሎት በዕብራይስጥ ይደረጋል፣ ጨዋታና ግብይት፣ እሹሩሩና ቀልድ በይዲሽ ነበር። በእኛም ዘንድ ቄሶቻችን በግእዝ እየጸለዩ ሕዝቡ በአማርኛና በትግርኛ ሲነጋገር ኖሯል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእናንተ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመንትዮቹ አባት አቶ ፔሳኽ ቡርሽታይን በ1896 በዋርሶ ከተማ፣ በፖላንድ አገር ተወለዱ። ያደጉት በሃይማኖተኛ ቤት ነው። ገና በጉርምስናቸው ግን ከቤት ወጥተው ከአገር አገር እየዞረ በይዲሽ ከሚጫወት የቴአትር ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ሰው «ኮሜዲያንት» ይሉት ነበር፤ ቃሉ ንቀት አለበት። በእኛ አገር የቄስ ወይም የተከበረ ሽማግሌ ልጅ ማሲንቆ አንሥቶ ቢወጣ ዘመድ «አዝማሪ ሆነ» ብሎ እንደሚያዝነው ማለት ነው።

አቶ ፔሳኽ በ1924 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኒውዮርክ ብዙ ሸክላ አስቀረጹ፤ በተለይ በፉጨት ዜማ በማውጣት የሚተካከላቸው አልነበረም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሊሊያን ሉክስ የኒውዮርክ ተወላጅ ናቸው፤ በ1918 የተወለዱ ስለሆነ በሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ያንሷቸዋል። እርሳቸውም ተዋናይና ዘፋኝ ነበሩ። ባልና ሚስቱ በ1939 በፖላንድ እየዞሩ ሲጫወቱ ቆይተው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው በመርከብ ወጡ። ያጨበጨበላቸው ሕዝብ ግን እዚያው ቀረ።

ናዚዎች ከገደሏቸው ስድስት ሚሊዮን አይሁድ መካከል አብዛኞቹ ይዲሽ ተናጋሪዎች ነበሩ። መንትዮቹ የተወለዱት ደግሞ ጦርነቱ በአውሮፓ ካበቃ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 1945 በኒውዮርክ ነው። ይህንን ቀን ልብ በሉልኝ። ወንዱ ማይክል፣ ሴቷ ሱዛን ተባሉ፤ ለመድረክ ሲሆን ግን ሞተሌና ዚሰሌ። ሞተሌ የመርዶክዮስ ማቆላመጫ ነው። ዚሰሌ በይዲሽ «ጣፋጯ» እንደ ማለት ነው።

ሁለቱ ልጆች ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከወላጆቻቸው ጋር በመድረክ ላይ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው መርከብ፣ ሆቴልና የመድረክ ጓዳ ሆነ። ኒውዮርክ፣ ቦነስ አይረስ፣ ቴል አቪቭ፤ ይዲሽ የሚሰማ ሕዝብ ባለበት ሁሉ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ማስታወቂያው «አራቱ ቡርሽታይኖች» ይል ነበር። ሞተሌ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ሰው ያስቃል። ዚሰሌም ትዘፍናለች፤ በተጨማሪም ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ድምፅ አውጥታ በእጇ የያዘችውን አሻንጉሊት የምታናግርበትን ጥበብ ተማረች። ሕዝቡ ከወላጆቹ ይልቅ ልጆቹን ለማየት መጉረፍ ጀመረ።

ለምን? ልጆቹ ጎበዞች ስለነበሩ ነው፤ ግን እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ብቻ አይደለም። በአዳራሹ የሚቀመጠው ሕዝብ ልጆቹን፣ እኅቶቹንና ወንድሞቹን በአውሮፓ ያጣ ነበር። በይዲሽ የሚስቅና የሚዘፍን ሕፃን ማየት ብርቅ ሆኖበታል። ሁለት ሕፃናት አጥር ብለው ሲወጡና በእናቱ ቋንቋ ሲዘፍኑ፣ ያ ሰው የሚያየው ሞተሌንና ዚሰሌን ብቻ አይደለም። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ ልጁ ሸክሙን ባያውቀውም እንኳ።

«ሁሉም ዕብራይስጥ ይናገር»

ቤተሰቡ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ እስራኤል ሲመጣ ይዲሽ በዚህ አገር በክብር የሚጠበቅ ቋንቋ አልነበረም። አዲሱ መንግሥት ከዚህም ከዚያም የተሰበሰበውን ሕዝብ በአንድ ቋንቋ፣ በዕብራይስጥ ለማስተሳሰር ቆርጦ ተነሥቶ ነበር። ይዲሽ የስደት ቋንቋ ነው ተባለ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንዱ ጊዜ በአገሩ የሚኖሩ ተዋንያን በይዲሽ ቴአትር እንዳያሳዩ ተከልክለው ነበር፤ ከውጭ ለጊዜው የሚመጡት ብቻ ይፈቀድላቸው ነበር። ክልከላው ከላላ በኋላም በይዲሽ የሚታይ ቴአትር ከዕብራይስጡ የበለጠ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ይህን የሠሩት ይዲሽ የማያውቁ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። ብዙዎቹ ሹማምንት ከእናታቸው የሰሙት የመጀመሪያ ቃል ይዲሽ ነበር።

ዕብራይስጥ ማወቅ አስፈላጊ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያሻም፤ ሥራውም፣ ሐኪም ቤቱም፣ የልጁ መምህርም በዕብራይስጥ ነው። ሆኖም ዛሬ «አማርኛውን ለልጆቹ ተዉት፣ ያደናግራቸዋል» የሚል ምክር ሲሰጣችሁ ከእናንተ በፊት ለመጡት ለፖላንድና ለሮማንያ ሰዎችም ይኸው ተብሎ እንደነበር ብታውቁ መልካም ነው።

የሁለቱ መንትዮች መንገድ የተለያየው በወጣትነታቸው ነው። ዚሰሌ አግብታ መድረኩን ተወች። ተዋት ማለት ጨርሳ ተዋት ማለት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በቤተሰቡ ላይ በተሠራ ፊልም ስትናገር የመድረኩ ኑሮ ለወንድሟ እንደነበረው ለእርሷ እንዳልነበረ ትገልጻለች። ወላጆቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን በየከተማው ለሰው ትተው ከመሄድ ይዘዋቸው መዞርን መርጠዋል። ያም ሆኖ በአንድ ማህፀን ያደሩ፣ በአንድ መድረክ ያደጉ ሁለት ልጆች አንዱ መብራቱ ሲበራ ደስ ሲለው ሌላዋ ተራ ቤት፣ ተራ ኑሮ ትመኝ ነበር።

ሞተሌ ግን ቀጠለ፤ ስሙም ማይክ ቡርሽታይን ሆነ። በ1965 በያፎ በሚገኘው «ሐማም» በተባለው ቴአትር ቤት የይዲሹ ባለቅኔ ኢጺክ ማንገር በ1936 ያሳተመው የግጥም መጽሐፍ ወደ ማኻዜመር ተለውጦ ቀረበ። ዜማውን ያወጣው ዶቭ ዜልጸር፣ አዘጋጁ ሽሙኤል ቡኒም ነበሩ። ታሪኩ የመጽሐፈ አስቴር ነው። ጾመ አስቴርን ከአባቶቻችን ተቀብለን የኖርን እኛ ታሪኩን በልባችን እናውቀዋለን። ማንገር ግን ንግሥቲቱንና ንጉሡን፣ ሐማንንም ጭምር፣ ከፋርስ አንሥቶ በምሥራቅ አውሮፓ የአይሁድ መንደር ውስጥ አስቀመጣቸው፤ አስቴርን የሚያፈቅርና ፍቅሩ ያልተሳካለት አንድ የልብስ ሰፊ ረዳትም ጨመረበት። በፉሪም በዓል በዚህ አገር ሰው ለምን እንደዚያ እንደሚቀልድ ለገረማችሁ፣ ይህ ሥራ የቀልዱን ጠባይ ያሳያል።

አባትና እናት ከልጃቸው ጋር በዚህ ማኻዜመር ተጫወቱ። ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ይዲሽ የማይሰሙ፣ እዚሁ ተወልደው በዕብራይስጥ ያደጉ ወጣቶች ጭምር ወደ ሐማም ጎረፉ። ትናንት የተናቀው ቋንቋ የሚወደድ ሆነ። በ1968 ሥራው ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በብሮድዌይ ታየ፤ ብሮድዌይ የአሜሪካ ታላላቅ ቴአትር ቤቶች የተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። እዚያም የተጫወቱት በይዲሽ ነበር፤ ቋንቋውን ለማይሰማው ሰው በመካከሉ በእንግሊዝኛ ትረካ ይገባ ነበር።

በመሐሉ፣ በ1966፣ «ሁለቱ ኩኒ ሌመል» የተባለው ፊልም ወጣ። ከእስራኤል የመጀመሪያዎቹ ሙዚቃዊ ፊልሞች አንዱ ነው፤ ያዘጋጀው እስራኤል ቤከር ነው። የመነሻው ድርሰት አብርሃም ጎልድፋደን የተባለ ሰው በይዲሽ የጻፈው ሲሆን ፊልሙ ግን በዕብራይስጥ ነው። አንድ አባት ልጁን ኩኒ ሌመል ለሚባል ምላሱ ለሚተሳሰር፣ ለሚያነክስ፣ አንድ ዓይኑ ለማያይ ሰው ሊድር ይነሣል። ልጅቱ የምትወደው ወጣት ግን ራሱን ኩኒ ሌመል አስመስሎ ይመጣል። ከዚያ ሁለት ኩኒ ሌመሎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ እውነተኛው ራሱ «እኔ እኔ ነኝ ወይ?» ብሎ ግራ ይጋባል። ሁለቱንም ሆኖ የተጫወተው ማይክ ነው። መንትያው ከመድረክ ከወረደች በኋላ መንትያ መሆንን ብቻውን ተጫወተው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ፊልሙ በጣም ተወደደ። በ1976 ኩኒ ሌመል ቴል አቪቭ ሲመጣ፣ በ1983 ደግሞ ካይሮ ሲሄድ የሚያሳዩ ሌሎች ሁለት ፊልሞች ተከተሉ። ማይክ በኔዘርላንድ የራሱ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበረው፤ በብሮድዌይም «ባርነም» በተባለው ማኻዜመር የሰርከስ ባለቤቱን ሆኖ ተጫውቷል። ያንን ሰው የሚጫወት ተዋናይ እየዘፈነ በገመድ ላይ መራመድ አለበት! በ1993 ደግሞ በዚያው በብሮድዌይ በሌላ ሥራ መሪ ተዋናይ ነበር፤ ያኛው ግን ሳይቆይ ተዘጋ። የቴአትር እንጀራ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ሞልቶ ነገ ባዶ።

አቶ ፔሳኽ በ1986፣ ወይዘሮ ሊሊያን በ2005 ዐረፉ። ወይዘሮዋ ከማረፋቸው በፊት፣ በ2000 ዓ.ም. አርኖን ጎልድፊንገር ያዘጋጀው «ኮሜዲያንት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ወጣ። ያ የንቀት ቃል የፊልሙ ርእስ መሆኑን አስተውሉ።

መንግሥትም አመለካከቱን ቀይሯል። በ1987 ይዲሽፒል የተባለ የይዲሽ ቴአትር በቴል አቪቭ ተቋቋመ። በ1996 ክኔሴት የይዲሽን ባህል የሚጠብቅ ድርጅት እንዲቋቋም ሕግ አወጣ። ነገር ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁሉ የመጡት ቋንቋውን በቤታቸው የሚናገሩት ሰዎች ካረጁ በኋላ ነው። በይዲሽፒል ተዋንያኑ በይዲሽ ሲጫወቱ ተመልካቹ የዕብራይስጥና የሩሲያኛ ትርጉም በጽሑፍ ይቀርብለታል።

የእኛ ልጆችም መድረክ ላይ ወጥተዋል። ዮሲ ቫሳ «በአማርኛ ይበልጥ ያምራል» እንደ ማለት ያለ ርእስ በሰጠው የአንድ ሰው ቴአትር የቤተሰቡን የጉዞ ታሪክ በዕብራይስጥ ተጫውቶ ብዙ ሕዝብ አስቋል፣ አስለቅሷልም። ልጃችሁ ወይም ሁለቱ ልጆቻችሁ «ዘፋኝ መሆን እንፈልጋለን» ብለው ሲመጡ «አዝማሪ ልትሆኑ ነው?» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት የማዘጋጃ ቤቱ የባህል ማዕከል፣ የአካባቢያችሁ «ማትናስ»፣ የድምፅ ወይም የቴአትር ክፍል እንዳለው ጠይቁ። ዝም የሚለውን ልጅ ደግሞ ለብቻው አድርጋችሁ ጠይቁት። «ኮሜዲያንት» የተባለውን ፊልም ለማየት ዕድል ካገኛችሁ፣ በማይክ ቀልድ ከሳቃችሁ በኋላ ዚሰሌ የምትናገርበት ቦታ ሲደርስ ልጆቹን ከቴሌቪዥኑ ፊት አታስነሡ።