ቦታ የለኝም ለሚሉ እናቶች፤ ሽፈራው በባልዲ

የሚኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነ ዛፍ ስለ መትከል ሲወራ «ይህስ የራሱ ግቢ ላለው ነው» ብለው ሳያልፉት አልቀሩም። ተክለው ያሳደጉትን ትቶ ወደ ሌላ ቤት መዛወር ያሳዝናል። አከራይም ቢሆን «ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቅብኛል» ብሎ ሊከለክል ይችላል። ይሁን እንጂ ዛፍ ሁሉ የግድ ሰፊ መሬት ይፈልጋል ማለት አይደለም። ቁመቱን የሚወስነው ዘሩ ብቻ ሳይሆን የሚንከባከበው ሰው እጅ ጭምር ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከአገር መውጣት አያስፈልግም። በአርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላም ሆነ ሴቻ ቢሄዱ፣ ከዚያም ወጣ ብለው በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ ያሉትን የጋሞ ቀበሌዎች ቢጎበኙ፣ በየቤቱ ደጃፍ ሽፈራው ያገኛሉ። ጋሞዎች «ሀለኮ» ይሉታል። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከእህል ጋር ይበላል፤ በጎረቤት ኮንሶም የኩርኩፋ ማባያ ነው። ሽፈራው ድርቅን የሚቋቋም በመሆኑ በበጋ ሌላው አትክልት ሲጠፋ ለቤተሰቡ ቅጠል ይሰጣል። ይህ ቅጠል በፕሮቲን፣ በካልሲየምና በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ነው።

ሽፈራው ዝም ብለው ቢተዉት እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል። እንጨቱ ግን ለስላሳና በቀላሉ ተሰባሪ ስለሆነ ልጅን ለቅጠል ለቀማ ዛፉ ላይ መስደድ አደገኛ ነው። ስለዚህ ነው በዚያ አካባቢ ጫፉ እየተቆረጠ ወደ ጎን እንዲሰፋ የሚደረገው። ምክንያቱም ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ከበታቹ ያሉትን እምቡጦች ይጫናቸዋል፤ እርሱ ሲቆረጥ የተኙት ይነቃሉ፤ አንድ የነበረው ግንድ ሦስትና አራት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅጠሉም እጅ በሚደርስበት ከፍታ ይበዛል።

ጃፓኖች ከቻይና ተቀብለው ያዳበሩት «ቦንሳይ» የተባለው ጥበብም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ቃሉ በዝርግ ሳህን የተተከለ ማለት ነው። በዚህ ጥበብ፣ እንደ ኦክ ያለው ግዙፍ ዛፍ ሳይቀር ጫፉና ሥሩ እየተከረከመ ከአንድ ክንድ ሳይበልጥ ብዙ ዘመን ይኖራል። በሂሮሺማ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1625 ጀምሮ በዚህ መንገድ የተያዘ አንድ ጥድ ነበር። በ1945 የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል የግቢው ግንብ ከለለውና ተረፈ። ባለቤቶቹ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት፤ ዛሬም በዋሽንግተን ከተማ ይታያል። ያን ያህል ዘመን ያቆየው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው።

እርስዎም ይህን ጥበብ በሽፈራው ሊሞክሩት ይችላሉ። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

አሮጌ ባልዲ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይፈልጉና ከሥሩ አራት አምስት ቦታ ይብሱት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። ዘሩን አንድ ሌሊት በውኃ ዘፍዝፈው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት። በሞቃት ቦታ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበቅላል።

ችግኙ ጉልበት ሲደርስ ግንዱን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ፣ ከአንድ ቅጠል መውጫ በላይ በተሳለ ቢላዋ ይቁረጡት። አይሳሱ። ከሚያቆጠቁጡት መካከል በተለያየ አቅጣጫ የወጡትን ሦስት ያስቀሩና ሌላውን ያንሱ። እነዚህም አንድ ስንዝር ሲያልፉ ጫፋቸውን ይቀንጥሱ። ቅርጽ እንዲይዝ ከፈለጉ ገና አረንጓዴ የሆነውን ቅርንጫፍ በሲባጎ ቀስ ብለው ወደ ታች ስበው ከባልዲው ጆሮ ጋር ይሰሩት፤ ሲባጎው ልጡን ሳይቆርጥ ይፍቱት።

ሥሩ ባልዲውን ሲሞላ፣ የሙቀቱ ወራት በሚጀምርበት ጊዜ ተክሉን አውጥተው ከዳር ያለውን ሥር ይከርክሙና በአዲስ አፈር ይመልሱት። የተቆረጠው ሥር እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት ውኃ አያጠጡት። በተረፈው ጊዜም አፈሩ ላይ ላዩን ሳይደርቅ አያጠጡ፤ ሽፈራው ከጥም ይልቅ ውኃ ሲበዛበት ሥሩ በስብሶ ይሞታል። ቦታው ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። እንደ ጨንቻና እንደ አዲስ አበባ ባለ ብርዳማ ቦታ እድገቱ ስለሚዘገይ ከነፋስ በተከለለ ግድግዳ ሥር ማኖር ይጠቅማል።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። አንድ ባልዲ ሽፈራው ቤተሰብን በየቀኑ አይቀልብም። መሬት ላይ የተተከለው ብቻ ነው ለድስት የሚበቃው። የባልዲው ግን ለሕፃን ገንፎ ወይም ለሾርባ ጣል የሚደረግ እፍኝ ቅጠል ይሰጣል፤ ሦስት አራት ባልዲ ካለ ደግሞ እየተፈራረቁ ይለቀማሉ። ቅጠሉን ለቅመው አይጨርሱት፤ ከየቅርንጫፉ ከግማሽ በላይ መተው አለበት። ሥሩና ልጡ ግን አይበላም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒት ነው ተብሎ ቢሰጥ መቀበል አይገባም።

ሥራ ውለው ለሚገቡ እናቶች አንድ ነገር ልጨምር። ውኃ ማጠጣቱን ብቻዎን አይያዙት። አንዱን ባልዲ ለትልቁ ልጅ፣ ሌላውን ለትንሿ፣ አንዱንም ለባለቤትዎ ያካፍሉ። መቁረጫውን ቢላዋ ግን ለጊዜው እርስዎ ይያዙ። ቤት መልቀቅ ቢመጣም አይጨነቁ፤ ዕቃ ሲጫን ባልዲዎቹ ከአልጋው ጎን ይጫናሉ፤ አዲሱም ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የደጃፍ ዛፍ ይኖረዋል።