ዩኤስቢንና ኮምፒውተርን የሚያግባባው አስተርጓሚ

በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ጣት የምታህል አንዲት ዕቃ አትጠፋም። ልጆቻችን በዕብራይስጥ «ዲስክ ኦን ኪ» ይሏታል። ስሟ ከባሕር ማዶ የመጣ ቢመስልም፣ እዚሁ አገር በክፋር ሳባ ዶቭ ሞራን ይመራው የነበረው «ኤም-ሲስተምስ» የተባለ ኩባንያ ያወጣላት የንግድ ስም ነው። በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ገበያ በአይቢኤም በኩል ስትቀርብ የምትይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ የምንገኝ ሰዎች ስለ ኮምፒውተር ገመድና ሶኬት ለመጻፍ ምን አነሳሳን? ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቤተሰቦች በጎንደርና በአዲስ አበባ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር ካሜራ ገዝተው ኮምፒውተሩ «አላውቀውም» ሲላቸው፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው መጣላቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወላጆች «ልጄ ኮምፒውተር ተማረ፣ ግን ሥራው ምንድን ነው?» እያሉ የሚያነሱት ጥያቄ ነው። የሁለቱም መልስ የሚገኘው ከአንድ ቦታ ነው።

ዕቃው ሳይሆን አስተርጓሚው ሲጠፋ

አዲስ ገቢ በሆንበት ዘመን በኩፓት ሆሊም አስተርጓሚ ከሌለ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ጤነኛ አፍ እያላቸው መግባባት አይችሉም ነበር። ኮምፒውተርና ከእሱ ጋር የሚገናኝ ዕቃም እንዲሁ ናቸው። በመካከላቸው ቆሞ የሚያግባባው ፕሮግራም «ድራይቨር» ይባላል። ድራይቨሩ የሚኖረው በኮምፒውተሩ ሥርዓት አስኳል ውስጥ ነው፤ ባለሙያዎች አስኳሉን «ከርነል» ይሉታል። ማኅደረ ትውስታውን፣ ሰዓቱንና ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት የሚዘጋው ራሱ ብቻ ሲሆን፣ በከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ቢሳሳት ግን ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊጥለው ይችላል።

የዩኤስቢ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በጥር 1996 ዓ.ም. ነው። ኢንቴልን፣ ማይክሮሶፍትንና አይቢኤምን ጨምሮ ሰባት ኩባንያዎች ተባብረው አወጡት። ከዚያ በፊት ለመዳፊቱ፣ ለማተሚያውና ለሞደሙ የየራሳቸው ልዩ ሶኬት ያስፈልጋቸው ነበር። በዩኤስቢ ግን በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር እስከ 127 ዕቃዎች ሊገናኙ ይችላሉ።

ዕቃውን ስንሰካው የሚሆነው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር መሰካቱን ያውቅና ለዕቃው አድራሻ ይሰጠዋል። ቀጥሎ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዕቃውም የሠሪውን ቁጥር፣ የራሱን ቁጥርና ወገኑን ይናገራል፦ «የመጻፊያ ሰሌዳ ነኝ»፣ «ማከማቻ ነኝ»፣ «ካሜራ ነኝ» እንደማለት ነው። ከርነሉ በመዝገቡ ውስጥ ይህን ቋንቋ የሚያውቅ ድራይቨር ይፈልግና ዕቃውን ያስረክበዋል። ዲስክ ኦን ኪ ይህን ያህል የተስፋፋችበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። «ማከማቻ ነኝ» ስትል፣ የዚያን ዘመን አዳዲስ ሥርዓቶች ለዚያ ወገን የሚሆን ድራይቨር አስቀድመው ይዘው ነበር። አሮጌው ዊንዶውስ 98 ግን ስላልነበረው ለብቻው መጫን ያስፈልግ ነበር።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር እንጨምር። የመጻፊያ ሰሌዳ ፊደል አይልክም፤ ቁጥር ነው የሚልከው። በላቲን ሰሌዳ «ኤ» የተጻፈባት ቁልፍ ስትነካ በዩኤስቢ በኩል የሚያልፈው 4 ቁጥር ነው። በዕብራይስጥ ገበታ ያችው ቁልፍ «ሺን» ትሆናለች፤ በድምፅ በሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ «አ»። ፊደሉ የሚወሰነው ከድራይቨሩ በላይ ባለው ፕሮግራም ነው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 ዓ.ም. በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የራሳቸውን ቁጥር ስላገኙ፣ ለአማርኛ ሲባል ልዩ የመጻፊያ ሰሌዳ መግዛት ግድ አይደለም።

የፈረንሳዩ ሐኪም

ይህን አስተርጓሚ ማን ይጽፈዋል? ብዙውን ጊዜ የዕቃው ሠሪ ነው። «ሊኑክስ» በተባለው ሥርዓት ግን ማንም አውቆ የሠራ ሰው ማቅረብ ይችላል። ሊኑክስን የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ ዘመኑም 1991 ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሠሩበታል፤ አዲስ እትምም ከዘጠኝ እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። የዩኤስቢውን ክፍል ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት የያዘው ግሬግ ክሮዋ-ሃርትማን ነው።

በዚህ ሥራ እኛን ከሁሉ የነካን ግን የሚሼል ዣር ታሪክ ነው። ሰውየው ፈረንሳዊ ሐኪም ናቸው። የኮምፒውተር መሐንዲስ ሳይሆኑ፣ ከሕክምና ሥራቸው በተረፈ ጊዜ ከ200 በላይ ለሚሆኑ የዩኤስቢ ካሜራ ዓይነቶች ድራይቨር ጻፉ። በ2008 ዓ.ም. ዣን-ፍራንስዋ ሙዋን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ሥራቸውን አስተካክሎ ወደ ከርነሉ አስገባው። እነዚያን ርካሽ ካሜራዎች የገዙ ሰዎች ሁሉ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍሉ ተጠቀሙ።

ተቃራኒው ታሪክም አለ። የፊሊፕስ ካሜራዎችን ድራይቨር አንድ ሰው ጽፎ ነበር፤ ከፊሉ ግን ከኩባንያው ጋር በተደረገ ስምምነት ምክንያት ተሰውሮ የተያዘ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የከርነሉ ኃላፊዎች ለተሰወረው ክፍል የተተወውን ቀዳዳ ዘጉት። ጸሐፊውም ተቆጥቶ «እንግዲያው ሥራዬን በሙሉ አውጡልኝ» አለ፤ ወጣም። ካሜራዎቹ በባለቤቶቻቸው እጅ ምንም ሳይጎድላቸው አስተርጓሚ አጡ። በኋላ ሉክ ሳያር የተባለ ሰው የተሰወረውን ክፍል ፈትቶ ድራይቨሩን መለሰው። ይህ የሚያስተምረን በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተያዘ ዕውቀት ለባለቤቱም ለተጠቃሚውም ስጋት መሆኑን ነው። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ተሠርቶ የማያልቅ ሥራ

ድራይቨር አንዴ ተጽፎ የሚተው ነገር አይደለም። የሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ እንደሚያፈስ ሁሉ፣ ከርነሉ ውስጡ ሲለወጥ ድራይቨሩም አብሮ መለወጥ አለበት። በሊኑክስ ልማድ፣ የውስጡን አሠራር የሚለውጥ ሰው በዚያ ለውጥ የሚነኩትን በከርነሉ ውስጥ ያሉ ድራይቨሮች ሁሉ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ከከርነሉ ውጭ የተቀመጠ ድራይቨር ግን አስታዋሽ ስለሌለው ይሞታል።

የደኅንነት ጉዳይም አለ። ሰው ሥራውን ሳይጨርስ ገመዱን ሊነቅል ይችላል፤ ክፉ ሰው ደግሞ ውሸት የሚናገር ዕቃ ሊሰካ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. አንድ የጉግል ተመራማሪ በሊኑክስ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ውስጥ ያገኛቸውን 14 ቀዳዳዎች በአንድ ጊዜ ይፋ አደረገ። እያንዳንዱን ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ያስፈልግ ነበር።

ወደ ሃይፋችን ስንመለስ

ይህ ሥራ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ኢንቴል ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የልማት ማዕከሉን የከፈተው በ1974 ዓ.ም. በሃይፋ ነው። በዮክነዓም የተቋቋመውና በ2020 ዓ.ም. በኤንቪዲያ የተገዛው ሜላኖክስ የኔትወርክ ካርዶቹን ድራይቨር በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በግልጽ አስቀምጧል። የሃይፋ ሊኑክስ ክበብ የሆነው «ሃይፉክስ» በቴክኒዮን ለማንም ክፍት የሆኑ ትምህርታዊ ንግግሮችን አዘጋጅቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሸር ኤልያስ ያቋቋመው «ቴክ ካሪዬራ» ደግሞ ከማኅበረሰባችን የወጡ ወጣቶችን ለሃይቴክ ሥራ አሠልጥኖ አስገብቷል።

ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው። በብዙ የሥራ ቦታ መጀመሪያ የሚታየው የማን ልጅ መሆንህና የት ክፍል እንዳገለገልህ ነው። በከርነል ሥራ ግን አንዲት ትክክለኛ እርማት ከተቀበሉልህ፣ ስምህ ከነሥራህ ለዓለም ሁሉ ተጽፎ ይቀራል፤ ቀጣሪም ከፍቶ ሊያየው ይችላል። አማርኛ ስምም እንደማንኛውም ስም እዚያ ይጻፋል። መንገዱ አጭር ነው አንልም። የሲ ቋንቋን መማር፣ እንግሊዝኛ ማንበብና «ይህ አልበቃም፣ እንደገና አስተካክለው» ሲባሉ አለመቀየም ያስፈልጋል።

ለወላጆች ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት በጥቅምት 14 ቀን 2025 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ «ኮምፒውተራችሁ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት ልጆቻችሁን ወይም በማትናስ ያለ የሚያውቅ ሰው «ሊኑክስ ይጫንበት ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። በአዲሱ ሥርዓት አልሠራ ያለ አሮጌ ካሜራም እዚያ የሚያግባባው አያጣ ይሆናል። አዲስ ዕቃ ስትገዙም ከየትኛው ሥርዓት ጋር እንደሚሠራ በማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።