የቆዩ ፒካፕ መኪናዎችን መብራት ወደ ኤልኢዲ መለወጥ

የቆዩ ፒካፕ መኪናዎችን መብራት ወደ ኤልኢዲ መለወጥ ማለት፣ በክር አምፖል እንዲሠሩ የተዘጋጁትን የውጭና የዳሽቦርድ መብራቶች ብርሃን አመንጪ ዳዮድ (ኤልኢዲ) በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ አካል መተካት ነው። ሥራው በተለይ በአሜሪካ የቆዩ መኪናዎችን በሚያድሱ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራባቸውም ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) የተመረቱ እንደ ፎርድ ኤፍ-100 እና ሼቭሮሌ ሲ10 ያሉ ፒካፖች ናቸው። አንዱን አምፖል ነቅሎ ሌላ መሰካት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የእነዚህ መኪናዎች የኤሌክትሪክ መስመር የተነደፈው አምፖሉ ብዙ ኮረንት እንደሚስብ ታሳቢ ተደርጎ ስለሆነ፣ ለውጡ ፍሬቻን፣ የዳሽቦርድ ብርሃን መቀነሻን፣ አንዳንዴም የባትሪ መሙያውን ሥራ ሊያውክ ይችላል።

የሁለቱ አምፖሎች ልዩነት

የክር አምፖል ብርሃን የሚሰጠው ቀጭን የተንግስተን ክር በኮረንት ግሎ ሲነድ ነው። ከሚጠቀመው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በአሜሪካ መኪናዎች የኋላ መብራት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቁጥር 1157 አምፖል ሁለት ክር አለው፤ ለፍሬንና ለፍሬቻ የሚያገለግለው ደማቁ ክር 2.1 አምፔር ያህል፣ ለማታ መብራት የሚያገለግለው ደብዛዛው ደግሞ 0.6 አምፔር ያህል ይስባል። በቦታው የሚገባው ኤልኢዲ የሚፈልገው የዚህን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ የቆየ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያና ፊውዝ ጫናቸው ይቀልላል።

ከኃይል ቁጠባው ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ግን የፍጥነት ልዩነቱ ነው። ክሩ ግሎ ሙሉ ብርሃን እስኪሰጥ ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤልኢዲ ግን ወዲያውኑ ይበራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ0.2 ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ የፍሬን መብራቱን በዚያ ርቀት ቀድሞ ያያል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ በ1962 በአሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ተሠራ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊ ኤልኢዲ ያስፈልግ ስለነበር እስከ 1990ዎቹ መጠበቅ ግድ ሆነ። ለዚህ ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

የኋላ መብራት

ነጭ የሚባለው ኤልኢዲ በአብዛኛው ሰማያዊ ኤልኢዲ በቢጫ ፎስፈር ተሸፍኖ የሚሠራ ስለሆነ፣ በብርሃኑ ውስጥ ያለው የቀይ ድርሻ አነስተኛ ነው። ቀይ መስታወት ከቀይ በስተቀር ሌላውን ብርሃን ስለሚያስቀር፣ ከቀይ መስታወት ጀርባ ነጭ ኤልኢዲ ማስገባት ብርሃኑን ያደበዝዘዋል፣ አንዳንዴም ወደ ሮዝ ይወስደዋል። ስለዚህ ለቀይ መስታወት ቀይ፣ ለብርቱካናማ መስታወት ብርቱካናማ ኤልኢዲ ይመረጣል።

የብርሃኑ አቅጣጫም መታየት አለበት። የክር አምፖል በዙሪያው ሁሉ ያበራል፤ ከጀርባው ያለው አንጸባራቂ ሰሃንም ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ወደ ፊት ብቻ የሚያበራ ኤልኢዲ በዚህ ሰሃን አይጠቀምም፤ በመካከል አንዲት ነጥብ አብርቶ ዳር ዳሩን ጨለማ ይተወዋል። በጎኑም ብርሃን የሚሰጥ አምፖል፣ ወይም ለዚያው መኪና ተለክቶ የተሠራ ባለብዙ ኤልኢዲ ሰሌዳ የተሻለ ነው። ዋናው ፈተና በማታ መብራቱና በፍሬን መብራቱ መካከል ያለው የድምቀት ልዩነት ነው። ርካሽ አምፖሎች ላይ ሁለቱ ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ያኔ ፍሬን መያዙ በሌሊት አይለይም። መብራቱ ሲገጠም በጨለማ ከ30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ቆሞ፣ ሌላ ሰው ፍሬን እየረገጠ ማየት ይበቃል።

ፍሬቻ

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በቆዩት ፒካፖች ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸር በሙቀት የሚሠራ ነው። ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ኮረንት በውስጡ ያለውን የብረት ቅጠል አሙቆ ያጥፈዋል፣ መስመሩም ይቋረጣል፤ ቅጠሉ ሲበርድ መስመሩ ይመለሳል። የኤልኢዲ ኮረንት ቅጠሉን ለማሞቅ ስለማይበቃ ፍሬቻው ሳይብለጨለጭ በርቶ ይቀራል።

አንዱ መፍትሔ ከእያንዳንዱ ፍሬቻ ጎን 6 ኦም የሆነ ሬዚስተር መግጠም ነው። ሬዚስተሩ ከ2 አምፔር በላይ ስቦ ፍላሸሩን እንደ ድሮው ያሠራዋል፣ ነገር ግን ሲበራ ወደ 30 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ከነካ ያቀልጠዋል፤ የተቆጠበውም ኃይል መልሶ ይባክናል። የሚሻለው ፍላሸሩን ራሱን በኤሌክትሮኒክ መለወጥ ነው። አሮጌው ሁለት እግር ብቻ ሲኖረው አዲሱ ብዙ ጊዜ ወደ ሻንሲ የሚታሰር ሦስተኛ ሽቦ ይፈልጋል። የአደጋ ጊዜ መብራት ራሱን የቻለ ፍላሸር ባለበት መኪና ሁለቱም መለወጥ አለባቸው። በለውጡ የሚታጣ ጥቅም አለ። በአሮጌው ፍላሸር አንድ አምፖል ሲቃጠል ብልጭታው ቆሞ አሽከርካሪውን ያስጠነቅቅ ነበር፤ በአዲሱ ያ ምልክት ላይኖር ይችላል።

ፍላሸሩ ተለውጦም አንድ ጎን ሲበራ አራቱም ፍሬቻዎች አብረው የሚብለጨለጩበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ዳሽቦርዱ ላይ አንድ የፍሬቻ ማሳያ ብቻ ባላቸው መኪናዎች ነው። ማሳያዋ በግራና በቀኝ መስመር መካከል የታሰረች ስትሆን፣ ኮረንቷ የሚመለሰው በማይሠራው ጎን አምፖሎች በኩል ነው። ለክር አምፖል ይህ ኮረንት ከምንም አይቆጠርም፤ ኤልኢዲን ግን ያበራዋል። ሁለት ትንንሽ ዳዮዶች ገዝቶ ከየጎኑ ወደ ማሳያዋ አንድ አንድ ማሰርና የማሳያዋን ሌላ ጫፍ ወደ ሻንሲ ማውረድ ችግሩን ያስወግደዋል።

የፊት መብራት

ከ1940 ጀምሮ በአሜሪካ የተለመደው የፊት መብራት መስታወቱ፣ ሰሃኑና ክሩ በአንድነት የታሸጉበት ነው፤ በብዙ የቆዩ ፒካፖች ላይ ክብ ሆኖ 7 ኢንች ስፋት አለው። ሰሃኑ የሚሠራው የክሩን ቦታ በሚሊ ሜትር ለክቶ ነው። ለክር አምፖል በተሠራ ሰሃን ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ቢገባ ብርሃኑ ከተለካው ቦታ ስለማይነሳ ይበታተናል፤ መንገዱን በደንብ ሳያሳይ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። ስለዚህ አምፖሉን ብቻ ሳይሆን ሙሉ መብራቱን፣ የአሜሪካን የመብራት ደረጃ ባሟላ ባለ 7 ኢንች ኤልኢዲ መለወጥ ይገባል። በረዶ በሚጥልበት አገር አንድ ጉድለት አለው፦ ፊቱ ስለማይሞቅ የተለጠፈበት በረዶ አይቀልጥም።

ዳሽቦርድ

የዳሽቦርዱን ብርሃን የሚቀንሰው አሮጌ ተለዋዋጭ ሬዚስተር የሚሠራው ብዙ ኮረንት ሲያልፍበት ነው። በኤልኢዲ ጊዜ ቁልፉ ቢዞርም ብርሃኑ እምብዛም አይቀንስም፤ ለኤልኢዲ የተሠራ መቀነሻ መግጠም ወይም አንድ ሁለት የክር አምፖል በመስመሩ ላይ መተው ይቻላል። በጣም ነጭ የሆነ ኤልኢዲም በሌሊት ዓይን ያደክማል።

ፈጽሞ መነካት የሌለባት የባትሪ መሙያ ማስጠንቀቂያ አምፖል ናት። ብዙ ኦልተርኔተሮች ሞተሩ ሲነሳ ኃይል ማመንጨት የሚጀምሩት በዚህች አምፖል በኩል በሚደርሳቸው ኮረንት ነው። በኤልኢዲ ስትተካ ኮረንቱ ስለሚያንስ ኦልተርኔተሩ ላይጀምር ይችላል፤ መኪናው በባትሪ ብቻ እየሄደ ቆይቶ መንገድ ላይ ይቆማል።

ቮልቴጅና ዋልታ

ከ1956 በፊት የተሠሩት የፎርድ ፒካፖች በ6 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረውም የባትሪው ፖዘቲቭ ዋልታ ነው። ኤልኢዲ ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፍ ለተለመደው አያያዝ የተሠራው በእነዚህ ላይ አይበራም፤ ለ6 ቮልትና ለፖዘቲቭ ሻንሲ የተሠራ መፈለግ አለበት። ብዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች ደግሞ 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልቱ ኤልኢዲ ይቃጠልባቸዋል። በሁሉም ላይ ግን አምፖል ከመግዛት በፊት የዛገ የአምፖል መያዣ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ ከጭነት ሳጥኑ ወደ ሻንሲው የሚሄድ አዲስ ሽቦም ይታሰራል።