ኢንዛይሙ እንዲታሰር፣ ግን እንዲሠራ

ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ለማይስማማቸው ሰዎች የሚዘጋጀው ወተት ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ይጨመርበታል። ኢንዛይሙ ላክቶስን ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይከፍለዋል፤ እሱ ራሱ ግን ሠርቶ አያልቅም። ችግሩ አንዴ ወተቱ ውስጥ ከተበተነ መልሶ መልቀም አለመቻሉ ነው። ገና ብዙ መሥራት የሚችል ኢንዛይም ከወተቱ ጋር አብሮ ይታሸጋል፤ ለሚቀጥለው ወተት ሌላ መግዛት ግድ ይላል። ኢንዛይምን ከማይሟሟ ነገር ላይ አስሮ ደጋግሞ ማሠራት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1916 እ.ኤ.አ. ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ አሜሪካውያን ኬሚስቶች ኢንቨርቴዝ የተባለውን ስኳር ሰባሪ ኢንዛይም ከሰል ላይ አጣብቀው፣ ከተጣበቀም በኋላ ሥራውን እንደማያቆም አሳዩ። በ1969 ደግሞ የጃፓኑ ታናቤ ሴይያኩ ኩባንያ የታሰረ ኢንዛይምን ለአሚኖ አሲድ ምርት በፋብሪካ ደረጃ አዋለው። አሁን ብዙ ተመራማሪዎች በከሰሉ ቦታ የሚጠቀሙት ናኖፋይበርን፣ ማለትም ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ክርን ነው።

ክሩ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። የሟሟ ፖሊመር በስሪንጅ ይሞላል፤ በመርፌውና ከፊቱ በተቀመጠው ብረት መካከል ከ10 እስከ 30 ሺህ ቮልት ይለቀቃል። መርፌው ጫፍ ላይ ያለችው ጠብታ በኤሌክትሪኩ ተስባ ትሾላለች። ከሹሉ የሚፈተለከው ፈሳሽ እንደ አለንጋ እየተወናጨፈ ይቀጥናል፣ ማሟሟያው አየር ላይ ይተናል፣ ብረቱም ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ውፍረቱ 200 ናኖሜትር የሆነ ክር አንድ ግራሙ ብቻ ወደ 17 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ገጽ አለው። አንድ ኢንዛይም ብዙውን ጊዜ ከ10 ናኖሜትር ስለማይበልጥ እዚያ ላይ የሚሰፍረው ብዛት ከፍተኛ ነው።

ዋናው ጥበብ ግን አተሳሰሩ ላይ ነው። ቀላሉ መንገድ ጨርቁን ኢንዛይም ባለበት ፈሳሽ መንከር ነው፤ ኢንዛይሙ በራሱ ይለጠፋል፣ ሲታጠብ ግን ቀስ በቀስ ይለቃል። ጠንካራው መንገድ ኬሚካላዊ ትስስር ነው። ግሉታራልዲሃይድ የተባለው ሞለኪውል በሁለቱም ጫፉ መያዝ ስለሚችል፣ በአንዱ ክሩ ላይ ያለውን የአሚኖ ቡድን፣ በሌላው የኢንዛይሙን ይጨብጣል። ይህ በቀላሉ አይለቅም፤ አደጋው ሌላ ነው። ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራበት ጎድጓዳ ስፍራ አለው። ማሰሪያው እዚያ አጠገብ ካረፈ፣ ወይም ኢንዛይሙ በብዙ ቦታ ተጠፍንጎ ቅርጹ ከተዛባ፣ ክሩ ላይ ያለው በድን ፕሮቲን ነው። ስለዚህ አንዳንዶች በክሩና በኢንዛይሙ መካከል ረዘም ያለ ሞለኪውል ያስገቡና መላወሻ ይሰጡታል።

የቱ ይሻላል የሚለውን የሚወስነው አገልግሎቱ ነው። አንዴ አገልግሎ ለሚጣል መመርመሪያ መለጠፉ ሊበቃ ይችላል፤ ወተት ሲፈስበት ለሚውል ማጣሪያ አይበቃም።

እንደ እኔ እምነት በዚህ መስክ ከልክ በላይ የሚወራው ስለ ክሩ ቅጥነትና ስለ ተጫነው ኢንዛይም ብዛት ነው። አንባቢም ስለ አዲስ ናኖፋይበር ዜና ሲያነቡ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ከታሰረው ኢንዛይም ምን ያህሉ ይሠራል? ስንት ጊዜ ታጥቦስ ይሠራል?